«መ» የማትለው ምራቴ

ከዚህ ጉዞ በፊት ሆሳዕና ማለት ለእኔ በዓል ብቻ ነበረች፤ ዘንባባ በጣታችን ጠምጥመን ከቤተ ክርስቲያን የምንመለስባት እሑድ። በዚህ ስም የምትጠራ ከተማ እንዳለች፣ አውቶቡስም እንደሚደርስባት የነገረችኝ ምራቴ አስካለ ናት። አንባቢዎቼ አብዛኞቻችሁ እንደ እኔ ከጉለሌ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ጉለሌ ስትመላለሱ የምትኖሩ ናችሁና ያየሁትን ልንገራችሁ፤ እግራችሁ አይድከም፣ ወገባችሁም አይቆረጥ። የእኔ ወገብ ለሁላችንም ተቆርጧል።

አስካለ የልጄ የበቀለ ሚስት ናት። ቀን ቀን በሴቶች ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ማለዳ ሰው ሁሉ ሳይነሣ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ ቁርስ ሊቀርብ ሲል ወረቀቷን እንድታነሣ የማልጨቃጨቃት ቀን የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈሩን የቤት ሠራተኞች በረንዳዬ ላይ ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። እነሱ ፊደል ይዘው ይሄዳሉ፣ እሷ የልባቸውን ወሬ ይዛ ትቀራለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው ከዚያ ወሬ ነው።

መጽሐፉ ላቀች ስለምትባል ልጅ ነው። ላቀች ከገጠር መጥታ በአንድ ትልቅ ቤት በሠራተኝነት ትገባለች፤ የቤቱ ልጅ ወዷት ያገባታል፤ አማቷ ግን ምራትነቷን ሳትቀበል እስከ መጨረሻው ማድ ቤት ታኖራታለች። አማቲቱ ክፉ ናት። የጓዳውን ቁልፍ ከመቀነቷ አትፈታም፣ ስኳር በማንኪያ ለክታ ታወጣለች፣ ምራቷ ከሁሉ በኋላ እንድትበላ ታደርጋለች። እንግዲህ እኔም የጓዳ ቁልፌን ከመቀነቴ አልፈታም። ስኳርም ቢሆን በእኔ ቤት እንዲሁ አይዘገንም። መጽሐፉ እንደወጣ ጎረቤቶቼ በጎን ያዩኝ ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ አንዷ ደፈረችና «መቼም አንቺኑ ነው የጻፈችሽ» አለችኝ።

እኔ አላነበብኩትም አልኩ። መነጽሬ አይመቸኝም እያልኩ ዓመት ሙሉ ዋሸሁ እንጂ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱን ገጽ በቃሌ ይዤዋለሁ። አስካለን ግን አንድም ቀን «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ኩራት ያዘኝ። ደግሞስ አዎ ብትለኝ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ልንኖር ነው?

ነገሩ በዚህ እንዳለ አቶ ጴጥሮስ የሚባሉ የዶዮገና አስተማሪ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ መጥተው ከአስካለ ጋር ተዋወቁ። ሚስታቸው ማርታ መጽሐፉን እሑድ እሑድ ወደ ከምባትኛ እየመለሰች ለአካባቢዋ ሴቶች እንደምታነብላቸው አጫወቷት። አስካለ ይህን ከሰማች ጀምሮ ዕረፍት አጣች። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄጄ ልያቸው አለች። በቀለ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አላገኘም፤ ብቻዋን ትሂድ ለማለትም አንጀቱ አልቻለም። «እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» ስል ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጉዞ አምሮኝ አይደለም። መንገድ ላይ እጠይቃታለሁ ብዬ ነው።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ከመርካቶ የተነሣው ገና ሳይነጋ ነው። እኔ ምግብ ወደሌለበት ሀገር የምንሄድ መስሎኝ ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን አስጭኜ ስለነበር ረዳቱ «እማማ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔ መስኮቱን ያዝኩ፤ አስካለ መሐል ገባች፤ ከእሷ ወዲያ በግ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። በጉ ጭንቅላቱን አስካለ ጭን ላይ አሳርፎ እስከ ቡታጅራ ተኛ። እሷም እንዳትቀሰቅሰው ብላ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ቤት ድመት እንኳ አይጠጋም።

ከዓለም ገና ወዲያ አስፋልቱ ይቀርና አቧራው ይጀምራል። አዋሽን ተሻግረን ቡታጅራ ስንደርስ ነጭ ነጠላዬ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። እዚያ ላይ ለመጠየቅ ልቤ ቆርጦ «አስካለ» አልኳት። «አቤት እማማ መንበረ» አለችኝ ቀና ብላ፤ ወዲያው በጉ ነቅቶ ጮኸ፤ ሽማግሌውም ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እሷ ምንም አይደል ስትል፣ ልቤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከቡታጅራ ጥቂት እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ወረድን። ከመንገዱ ዳር ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። እኔ ጮክ ብዬ «ይህ ሁሉ ሙዝ ፍሬው የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። እንሰት ነው አሉኝ ሽማግሌው፤ የሚበላውም ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ሳቁን ሰምታ ከእንሰቱ ጀርባ አንዲት ሴት ብቅ አለች። እኔን አይታ ተመልሳ ገባችና በርጩማ ይዛልኝ መጣች። ማን ናችሁ፣ ወዴት ናችሁ አላለችም። ጎማው እስኪቀየር በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ አሬራዋን ጠጣሁ። እኔ ደጃፍ መኪና ቢበላሽ ለማላውቀው ሰው በርጩማ አወጣ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ሆሳዕና የገባነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ማረፊያችንን አቶ ጴጥሮስ አስቀድመው ይዘውልን ነበር፤ አቶ ሸምሱ የሚባሉ ጨርቅና ጨው የሚነግዱ የጉራጌ ሰው ቤት። ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋጤ በር ላይ ቆማ ጠበቀችንና እግራችሁን ካላጠብኩ ብላ ታገለችን። የሙስሊም ቤት መሆኑን ሳውቅ ምን ልበላ ነው ብዬ የስንቅ ቅርጫቴን አጥብቄ ያዝኩ። ፋጤ አየችኝ። ነገ ረቡዕ ስለሆነ ጾመኛ መሆናችንን እንደምታውቅ፣ ለሐሙስ ደግሞ ዶሮዋን የሚባርክ ክርስቲያን ጎረቤት መያዟን፣ ድስቱም ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻው የተቀመጠ መሆኑን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ቅርጫቴን አስቀመጥኩ።

ረቡዕ

ሆሳዕናን ሽማግሌዎቹ አሁንም ዋቸሞ ይሏታል። መሥሪያ ቤቶች አሏት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ባሕር ዛፍ አላት፤ ፈረስ ግን ከእኛ ሰፈር ውሻ ይበዛል። ገበያው ውስጥ ሀዲይኛውም፣ ከምባትኛውም፣ ጉራጊኛውም እኩል ይንጫጫል። ዋጋ ላይ ሲጣሉ ሁሉም ወደ አማርኛ ይመጣሉ። አስካለ አንድ ቦታ ቆማ እየሰማች ቀረችብኝና ሳፈላልጋት የሸክላ ሻጮች መሐል በርከክ ብላ አገኘኋት። ስለ ሸክላው አይደለም የምታወራው፤ ስለ ሻጯ ልጆች ነው። የእሷ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሰው ዕቃ ሲገዛ እሷ ታሪክ ትገዛለች።

ምሳ ላይ ፋጤ ቆጮ በጎመን አቀረበች። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ቂጣ ነው፤ ትንሽ ይጎመዝዛል። እንጀራ የለመደ አፍ መጀመሪያ ይደነግጣል። ቀጥሎ ይጠረጥራል። ከዚያ እጄ ራሱ እየሄደ ይቆርስ ጀመር፤ አስካለም በክርኗ ነካችኝ።

ከምሳ በኋላ አስካለ ወደ ሱቁ ስትወጣ ፋጤ ወደ እኔ ተጠጋች። መጽሐፉን ትልቋ ልጇ አንብባላት ነበር። ግራና ቀኝ አይታ «ያቺን አማት እኔ አውቃታለሁ» አለችኝ። «ከገበያው ጀርባ ነው የምትኖረው። ቁልፏ ሳይቀር። ምራትዎ መቼ መጥታ አየቻት?»

ምን ልበላት? ነጠላዬን ወደ መቀነቴ ሳብ አድርጌ ቁልፌን ሸፈንኩና እኔም ገርሞኛል አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ዶሮዋ እንደተባለው በጎረቤት እጅ ተባርካ ቀረበች፤ ፋጤ እኛን እያጎረሰች ራሷ አልቀመሰችም። ከቁርስ በኋላ አቶ ሸምሱ ጃጁራ ገበያ ስለሚሄዱ በጭነት መኪናቸው ይዘውን ሄዱ። ስለ ጃጁራ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ሙሉ ቀን ቅቤ ስለተመለከትኩ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እንዲህ ተደርድሮ አይቼ አላውቅም። ከእኛ ሰፈር ቅቤ ጋር ሳስተያየው የእኛው ቅቤ ሳይሆን የቅቤ ወሬ ነው። ትልቁን ጥቅል መርጬ ገዛሁና በመልሱ ጉዞ ማንም እንዳይነካብኝ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከእግሬ ሥር ሞተሩ ይግላል። ሆሳዕና ስንደርስ ቅቤው ቅጠሉን ጥሎ ቀሚሴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፋጤ ቀሚሴን በሙቅ ውሃ ስታጥብ ዘይት የጠጣ ፋኖስ ሆነሻል ብላ ሳቀችብኝ፤ «እርስዎ» ማለቱን የተወችው ያን ጊዜ ነው፤ እኔም ደስ አለኝ።

የረሳሁት ነገር፤ ቅቤውን የሸጠችልኝ ሴት መጽሐፉን አይታው አታውቅም፤ ታሪኩን ግን ከሰው ሰምታዋለች። አቶ ሸምሱ የጻፈችው ይህች ናት ሲሏት የአስካለን እጅ በቅቤ እጇ ያዘችና ያቺ አማት የእኛ መንደር ሰው ናት፣ ነገር ግን አሁን ትንሽ ተሻሽላለች ብላ ነገረቻት። ሁለት ከተማ፣ ሁለት አማት። ልቤ ቀለል ማለት ጀመረ።

ዓርብ

የአቶ ሸምሱ የጭነት መኪና ጨው ይዞ ወደ ዶዮገና ይወጣ ነበርና ከሾፌሩ አጠገብ ተሳፈርን። መንገዱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሰውም እየበዛ ይሄዳል። እንጦጦ ላይ የሚያውቀኝ ብርድ እዚያ ጠበቀኝ። ሾፌሩ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ እንሰቱን እያሳየኝ ባዶ መሬት ፈልጊ አለኝ፤ እኔም አጣሁ። ጉለሌ ይህን ያህል የለማ ጓሮ ያለው ሰው ቢኖር ሹም ነው እንላለን።

አቶ ጴጥሮስና ማርታ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የቆርቆሮ ቤት አላቸው። ማርታ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። ከእሷ አጠገብ አማቷ ቆማለች፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ጥርሷ ሁሉ ያለ ሴት። የአማቲቱ አማርኛ «እርስዎ» የሚባለውን አያውቅም፤ እኔም አንቺ ነኝ፣ የአውራጃ ገዥውም አንተ ነው። ግቢው ውስጥ ሊቀበሉን የተሰበሰቡ ሴቶች አሉ። አስካለን አንድ በአንድ ሳሟት፤ ከዚያም አንዷ በጭንቀት «በለጠች ደህና ናት?» ብላ ጠየቀቻት።

አስካለ የትኛዋ በለጠች አለች። እኔም በለጠች የምትባል ዘመድ የለንም ብዬ አገዝኳት። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አስጠግታ «ሞተች እንዴ?» አለች። ያኔ አስካለ ላይ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው መጽሐፏን ከሚወዱላት ሴቶች ጋር ለመገናኘት ነው፤ እነሱ ግን የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲያነቡ የኖሩ መሰላት። ማርታ ብቻ ቀልታ መሬት መሬት ታያለች።

ነገሩን ለማለፍ አስካለ «እማማ መንበረ ብርድ ላይ ቆመዋል፣ እናስገባቸው» አለች። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ በአንድነት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምን እንዳጠፋን አላወቅንም።

እራት ላይ ማርታ በቅቤ የራሰ ምግብ አቀረበች። ዓርብ ነው። ሙስሊሟ ፋጤ የቆጠረችልኝን ጾም ክርስቲያኗ ማርታ ረሳችው፤ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ከሚሲዮን የመጣ ስለሆነ ዓርብን አይጾሙም። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ስቀር ገባትና ደንግጣ ተነሥታ እንደገና ጎመን ቀቀለችልኝ። አማቷ ግን አልደነገጠችም። የእኔን ሳህን ወደ ራሷ አስጠጋችና «እኔ እበላልሻለሁ» አለችኝ። በላችልኝም።

ቅዳሜ

ሴቶቹ ጓሮ እንሰት ሲፍቁ እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። ማርታ እየሠራች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ የትናንቱን ነገር አስረዳችን። በእነሱ ሀገር ምራት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚነሣበት ድምፅ የሚነሣ ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። የማርታ ባል አባት ስም በ«ላ» ይነሣል። ሙሉውን ልጽፈው ነበር፤ ማርታ ይህን ስታነብ እዚያ ገጽ ላይ ትቆምብኛለች ብዬ ተውኩት። የአማቷንም ስም ያልነገርኳችሁ ለዚሁ ነው። ማርታ ከምባትኛው አልበቃ ብሏት በአማርኛም ትጠነቀቃለች፤ ላም አትልም፣ «የወተቷ» ትላለች።

ማርታ «ታዲያ የመጽሐፍዎ ልጅ ስሟ በዚያው ይነሣል» አለቻት አስካለን። «አንድ መጽሐፍ ሙሉ እንዴት ልጥራት? ትርጉሙ አንድ ነው ብዬ በለጠች አልኳት። ይቅር በሉኝ።»

አስካለን የማያውቅ ሰው ትቆጣለች ይላል። አታሚው አንዲት ፊደል ቢገድፍባት ቀኑን ሙሉ የምታኮርፍ ሴት ናት። እሷ ግን የእንሰቱ ቅጠል ላይ ወደ ኋላዋ ተንጋላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ላቀች ደህና ናት፣ በለጠችም ደህና ናት፣ አልሞተችም ብላ ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ እነሱም እልል አሉ። ትንሽ ቆይታ ይህ ልማድ አይከብድም ወይ ብላ ጠየቀች። ማርታ አልደበቀችም፤ ሙሽራ ሳለች አፏ ታስሮባት ለብቻዋ አልቅሳ ታውቃለች። አሁን ግን እሷ የምትፈጥራቸውን ቃላት አማቷ እየለቀመች ለመንደሩ ታወራለች፣ ምራቴ እንዲህ አለች እያለች ትኮራለች። አስካለ ሰምታ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ምራቶች ዝምታ ስጽፍ ኖርኩ» አለችኝ። «እነዚህ ዝም አላሉም እኮ።»

የማርታ አማት ግን ፍርድ አልጨረሰችም። ምራትሽ ትናንት ስምሽን በሰው ፊት ጠርታለች አለችኝ። አስካለም እስክንሄድ ድረስ ልማዳችሁን እጠብቃለሁ ብላ ቃል ገባች። የእኔ ስም መንበረ ነው። ስለዚህ «መ» ታገደች።

እስቲ አንዴ ሞክሩት። የልብ ወለድ ጸሐፊ ናት፣ መጽሐፍ ልትል አትችልም፤ ጥራዝ አለች። መንገደኛ ናት፣ መንገድ የላትም፤ ጎዳና አለች። መኪናውን ባለ ጎማው፣ መምህሩን አስተማሪው፣ መድኃኔዓለምን ዓለምን ያዳነው አለች። መነጽሬን ማንሣት ፈልጋ ብዙ ካሰበች በኋላ «የዓይንዎ መስተዋት» ስትል ያው «መ» አመለጠቻትና የማርታ አማት በድል ጭኗን መታች። አመሻሹ ላይ «መሽቷል» እንዳትል አፏን ይዛ ስትታገል ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቋት፤ «ፀሐይዋ ሄደች» ስትል ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ ደግሞ እውነቱን ላውጣላችሁ፤ ስሜን እንዲህ ተጠንቅቆ የሚዞረው ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ልቤ ሞቀ።

እሑድ

ከጸሎት ቤታቸው መልስ ሴቶቹ ማርታ ግቢ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በአራት ድምፅ ተከፍለው የሚዘምሩት መዝሙር ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ናፈቀኝ፣ ጠላም ናፈቀኝ፣ እነሱ ቤት ጠላ የለም። ማርታ መጽሐፉን ከፍታ በአማርኛ በዓይኗ እያነበበች በከምባትኛ ታወራው ጀመር። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን መጽሐፉን በቃሌ ስለማውቀው የት እንደደረሰች ከሴቶቹ ፊት አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች ያለቀሱበት ቦታ ላይ እነዚህ ሳቁ፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ በለጠች ተንኮል እያዘጋጀች ነዋ አሉኝ። እኔ ምንም ያልመሰለኝ ቦታ ላይ፣ ልጅቷ ብቻዋን ማድ ቤት ቆማ የምትበላበት ጋ፣ ሁሉም አለቀሱ።

አማቲቱ ቁልፏን የምታስርበት ገጽ ሲደርስ የማርታ አማት ማርታን በእጇ አስቆመቻት። ወደ እኔ ዞረች።

«ያቺ አማት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ሣር ላይ፣ በሰው ፊት፣ በማላውቀው ሀገር መጣ። አስካለን ማየት አልቻልኩም። ሰው እንደዚያ ይላል አልኩ።

«እኔም እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች። «ተናደድኩ። ይቺ ምራቴ ለአዲስ አበባ ሰው አሳበቀችብኝ ብዬ አኮረፍኳት። በኋላ ጸሐፊዋ እዚህ መጥታ አታውቅም ሲሉኝ ጊዜ፣ እንግዲህ እንደኔ ያለ ሌላም አለ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ የማርታ አማት እጄን ይዛ ከአጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ አንዷ ነገሩን ወደ አስካለ አዞረችው፣ ሴትዮዋ ማን ናት አለቻት። አስካለ ከብዙ ቤት ነው የለቀምኳት ብላ መለሰች። ውሸት አይደለም። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ግን እኔ አውቄያለሁ፤ እሷም ማወቄን አውቃለች።

ሰኞ

ስንሰናበት የማርታ አማት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጠችኝ፤ ይህን ጭንሽ ላይ አታስቀምጪ አለችኝ። የጃጁራው ወሬ ዶዮገና ደርሷል ማለት ነው። የጨው መኪናው ባዶውን እየተመለሰ ነበርና ተሳፈርን። ቁልቁለቱን ጨርሰን አንዲት ትንሽ ወንዝ ስንሻገር ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ሄደ። እኔና አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በግ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ሰሚ የለም።

«አስካለ» አልኳት፤ «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?»

በ«መ» የማይነሣ ቃል ፈለገች። እስክንሄድ ድረስ ያለችው ቃሏ ዶዮገና ላይ አብቅቷል፤ እሷ ግን ገና እየጠበቀችው ነበር፣ ስትናገር አፏ ላይ ይታያል።

«ስጀምር እርስዎ ነበሩ» አለችኝ። «አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ተናድጄብዎ ጻፍኩ። ሁለት ምዕራፍ ከሄድኩ በኋላ ግን ክፋትዎ አልበቃ አለኝ። የቀረውን ከራሴ ጨመርኩ።»

«ከራስሽ?»

«ቁልፉና ስኳሩ የእርስዎ ናቸው። ልጅቷን ከሁሉ በኋላ ማብላቱ ግን የኔ ነው። ቅዳሜ ፊደል የማስቆጥራት የቤታችን ሠራተኛ፣ እኔ እየጻፍኩ ሳለ ጠረጴዛው አልለቀቅ ብሏት ስንት ቀን ማድ ቤት ቆማ በላች። አላየኋትም ነበር። ሳያት ጻፍኩት። እርስዎ ግን እኔን ከሁሉ በኋላ ያበሉበትን ቀን ያስታውሳሉ?»

አሰብኩ። ተቆጥቻት አውቃለሁ፣ ስኳር ቆጥቤባት አውቃለሁ፣ ወረቀቷን ከጠረጴዛ ላይ ገፍቼ አውቃለሁ። ያለ እሷ ግን ገበታ ቀርቦልኝ አያውቅም፤ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ወጡን ከእሳት ሳላወርድ እጠብቃታለሁ። የለም አልኳት። «የለም» አለችኝ እሷም። ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሣ፤ አለቀስኩ፤ እንባዬን ሳልጨርስ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሁለት ምዕራፍ ብቻ መሆኔ እንደ ማነስ ተሰማኝ። ለመጽሐፉ ይህን ያህል ከተናደድኩለት ቢያንስ ግማሹ ይገባኝ ነበር አልኳት። ሾፌሩ ቅርንጫፉን ይዞ ሲመለስ ሁለት ሴቶች ድንጋይ ላይ ተደጋግፈው ሲስቁ አግኝቶ ጭቃው ነው የሚያስቃችሁ አለን።

ሆሳዕና ላይ ፋጤ በግድ አሳድራን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። አስካለ ማለዳ ማለዳ ትጽፈው የነበረውን አዲሱን ልብ ወለዷን ቀድዳ እንደገና ጀምራለች፤ ዝም ትል የነበረችው ምራት አሁን አፏ አይዘጋም። የምትጽፈው በእኔ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ለሚበላበት ሰው ሁሉ ተለቋል፣ ከሠራተኛችን ጋርም አብረን እንቀርባለን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዲት ሴት ከኋላዬ ደርሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የዚያ መጽሐፍ ክፉ አማት አንቺ ነሽ የሚባለው እውነት ነው ወይ አለችኝ።

«እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ድረስ እኔ ነኝ» አልኳት። «ከዚያ ወዲያ ክፋቴ አልበቃም።»